አበባ አምራቾቹ ተደራጅተው ተሰሚ ሆኑ፤ ገበሬውስ?

ለአገራችን ገበሬ አበባ ከሰብል ተርታ የሚቆጠር ነገር ሆኖ አያውቅም ነበር። ዐደይ በመስከረም በየማሳው ዳር ራሷ ትፈነዳለች፤ ልጆች ለእንቁጣጣሽ ይለቅሟታል፤ የኑግ አበባ ለንቡ ቀለብ፣ የባቄላ አበባ ደግሞ ለፍሬው ተስፋ ነው። ተተክሎ፣ ተኮትኩቶና ተቆርጦ በአውሮፕላን ተጭኖ የሚሸጠውን አበባ ግን በሆለታ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በቢሾፍቱ፣ በቆቃና በባቱ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ በቅርብ ያየው ከሃያ ዓመታት ወዲህ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ብዙ ማሳ የፕላስቲክ ቤት ተሠርቶበታል። ወደፊትም የሚሠራበት ይኖራል። ስለሆነም ጉዳዩ የባለሀብቱና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ መሪዎች ጉዳይ መሆኑን ማስገንዘብ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

የአበባ ሥራ በአገራችን ጨርሶ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ በመንግሥት እርሻዎች አማካይነት ጥቂት የተቆረጠ አበባ ወደ አውሮፓ መላክ ተጀምሮ ነበር። ሥራው በስፋት የተያዘው ግን የግል ባለሀብቶች በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ጽጌረዳን በዘመናዊ የፕላስቲክ ቤት ማምረት ከጀመሩ በኋላ ነው። በ2000 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከአበባ ሽያጭ የተገኘው ገቢ ከ110 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከ500 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አገር ሆናለች። ከሚላከውም አብዛኛው ጽጌረዳ ሲሆን ዋናው መዳረሻው ኔዘርላንድ ነው።

ለዚህ እድገት ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛው ተፈጥሮ ነው። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ የሆነ ደጋና ወይና ደጋ ለጽጌረዳ ይስማማል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሆለታ አካባቢ የሚበቅለው ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እምቡጡም ትልቅ ይሆናል። 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በባቱ ደግሞ እምቡጡ አነስ ይላል፤ በአንድ ሄክታር የሚቆረጠው ዘንግ ግን ይበዛል። ሁለተኛው ምክንያት የአየር መንገዱ የጭነት አገልግሎት ነው። ሦስተኛውና ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ምክንያት ግን አምራቾቹ ተደራጅተው መጠየቃቸው ነው።

አምራቾቹ ምን አደረጉ?

የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራቾችና ላኪዎች ማኅበር የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ነው። በዚያን ጊዜ አባላቱ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይሁንና ብድር፣ መሬት፣ የአውሮፕላን ጭነትና ቀረጥ የእያንዳንዳቸው ሳይሆን የጋራ ችግር መሆኑን በመገንዘብ በአንድ ድምፅ ጠየቁ። መንግሥትም ሰማቸው። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 70 በመቶ የሚደርስ ብድር አቀረበ። ለተወሰኑ ዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ሆኑ፤ የካፒታል ዕቃም ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው። በ2000 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 152 ዘርፉን ብቻ የሚከታተል የሆርቲካልቸር ልማት ኤጀንሲ ተቋቋመላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ደግሞ ማኅበሩ የአባላቱን አሠራር የሚመራ የሥነ ምግባር ደንብ አወጣ።

ይህን የምንዘረዝረው አምራቾቹን ለመውቀስ አይደለም። ማንም ሠራተኛ መብቱን ተደራጅቶ ቢጠይቅ የሚገባው ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። መሬቱ የተወሰደው ከገበሬው፣ ውሃው የሚቀዳው ከገበሬው ወንዝ፣ ሠራተኛው የሚመጣው ከገበሬው ቤት ሆኖ ሳለ፣ ፖሊሲው ሲመከር የገበሬው ማኅበር የት ነበር? በአብዛኛው የነበረው ቃለ ጉባኤ ላይ ነው። ወረዳው የወሰነውን ለማጽደቅ እጅ አወጣ፤ ፈረመ፤ ማኅተም መታ። ከፖሊሲው ጠረጴዛ የራቀ ወገን ከፖሊሲው በረከት መራቁ አይቀርም።

ስለ መሬትና ስለ ካሳ

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለአበባ እርሻ መሬታቸውን የለቀቁ ብዙ ገበሬዎች የተቀበሉት ካሳ ከጥቂት ዓመታት በላይ አላኖራቸውም። በአንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ መሬት ግን በየዓመቱ ይወልዳል። ሕጉም ቢሆን ቀስ በቀስ ነው የተሻሻለው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው 10 እጥፍ እንዲከፈለው ደነገገ። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው የዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛ አድርጓል። የወል መሬትም ካሳ የሚከፈልበት መሆኑን ያው አዋጅ ደንግጓል። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ የተደረገበት በመሆኑ፣ የማኅበር መሪ በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከክልሉ መመሪያ ጋር ከወረዳው አስቀርቦ ማስነበብ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንመልከት። አንድ ገበሬ በአንድ ሄክታር በጥሩ ዓመት 16 ኩንታል ጤፍ አገኘ እንበል። የሚመዘግበው ሰው በግምት 12 ኩንታል ብሎ ቢጽፍ የጎደለው 4 ኩንታል ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ገቢው በ15 ስለሚባዛ ገበሬው ያጣው የ60 ኩንታል ጤፍ ዋጋ ነው። የጭዱ፣ የባሕር ዛፉ፣ ከጤፉ በኋላ የሚዘራው ሽምብራና የግጦሹ ነገር ሳይጻፍ ከቀረ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል። ገማቹ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ገበሬው የጽሑፍ ማስረጃ ከሌለው ግን ገማቹ የወረዳውን አማካይ ይወስዳል።

ስለዚህ ካሳ የሚጠየቀው ባለሀብቱ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት ነው። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ በየዓመቱ ያገኘውን ምርት፣ የሸጠበትን ዋጋና የሸጠበትን ቀን በደብተር እንዲያሰፍር፣ ማኅበሩም ይህን በማኅተም እንዲያረጋግጥ ቢደረግ ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በዚህ ሊያግዝ ይችላል፤ ሊያግዝም ይገባል። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በባልና በሚስት ስም መሆኑን፣ የሟች ይዞታም ወደ ወራሽ መዛወሩን አስቀድሞ ማጣራት በኋላ ከሚነሣ ሙግት ያድናል።

ስለ ውሃ

ከመሬት ይልቅ ዝም ብሎ የሚሄደው ውሃ ነው። በፕላስቲክ ቤት ያለ ጽጌረዳ በአንድ ሄክታር በቀን ከ40 እስከ 60 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። መካከሉን 50 ብንይዝ፣ 20 ሄክታር ያለው አንድ እርሻ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ሊትር ይጠጣል። ይህም 50,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። ለገጠር ነዋሪ በዕቅድ የተያዘው የመጠጥ ውሃ መጠን በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር ሲሆን፣ በዚህ ሚዛን ያ እርሻ የሚቀዳው ውሃ ለ40,000 ሰው ይበቃል።

እንዲህ ሲባል አበባ ብቻውን ውሃ ጨረሰ ማለት አይደለም። ባቱ ሐይቅን እንውሰድ። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የሚገብሩት የመቂና የቀታር ወንዞች ናቸው፤ የሚተርፈው ውሃ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አቢጃታ ይወርዳል። ከሐይቁና ከገባሮቹ የአበባ እርሻው፣ የባቱ ከተማና ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ባለ ፓምፕ ገበሬ ሁሉም ይቀዳሉ። ሁሉም ሲቀዳ በቡልቡላ ዳር የሚኖረው ከብት አርቢ ይጠማል፤ አቢጃታም ይሸሻል። ስለሆነም ገበሬው ባለሀብቱን በውሃ ሲጠይቅ በራሱም ፓምፕ ላይ ሥርዓት ለማበጀት የተዘጋጀ መሆን አለበት። አንዱን ብቻ የሚነካ ሥርዓት ለክስ እንጂ ለልማት አይበጅም።

መፍትሔው በእጃችን አለ። የፕላስቲክ ቤት ጣሪያ ራሱ የውሃ ምንጭ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ደጋ ላይ አንድ ሄክታር ጣሪያ 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰበስባል። ጽጌረዳው በቀን 50 ሜትር ኩብ ቢጠጣ የዓመቱ ፍጆታው 18,250 ሜትር ኩብ ነው። ኩሬ ተቆፍሮ የጣሪያው ውሃ ቢጠራቀም ከፍጆታው ከግማሽ የሚበልጠውን ይሸፍናል ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉ እርሻዎች አሉ። ማድረጉ ግን በባለሀብቱ መልካም ፈቃድ ላይ ከሚቀር በውሃ ፈቃዱ ውስጥ ግዴታ ሆኖ እንዲጻፍ የገበሬ ማኅበራት ሊጠይቁ ይገባል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው ደንግጓል። ባህላዊ መስኖና በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድም ፈቃድ አይጠየቅበትም። የማኅበር መሪ ይህን ማወቁ በስብሰባ ላይ የሚናገረውን ቃል ከልመና ወደ መብት ጥያቄ ይለውጠዋል።

ከጎረቤት አገር የሚቀሰም ትምህርትም አለ። በኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያ አበባ አምራቾችና ሌሎች ተጠቃሚዎች የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አቋቁመዋል። በሐይቁ የሚጠቀሙት ወገኖች በላይኛው ተፋሰስ እርከን ለሚሠሩና የሣር ረድፍ ለሚተክሉ አነስተኛ ገበሬዎች ማበረታቻ የሚከፍሉበት አሠራርም ተዘርግቶ ነበር። የጉራጌና የአርሲ ደጋ ገበሬ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ሲሠራ ደለሉ ወደ ባቱ ሐይቅ እንዳይወርድ ይከላከላል። ታችኛው ተጠቃሚ ከሚያገኘው ጥቅም ለላይኛው ቢያካፍል ምጽዋት ሳይሆን የድካም ዋጋ ነው።

ስለ ሥራና ስለ ጤና

የአበባ እርሻ ብዙ ሰው የሚቀጥር መሆኑ አይካድም። ከስንዴ ወይም ከሸንኮራ ጋር ቢነጻጸር በአንድ ሄክታር የሚቀጥረው እጅግ ይበልጣል፤ ከተቀጣሪዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። መሬት ለማያገኝ የገበሬ ልጅ ደመወዝ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ብዙ ዓመታት አልፈዋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም የደነገገ በመሆኑ፣ ድንጋጌው በተግባር እንዲውል የገበሬ ማኅበራት ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆነው ቢጠይቁ ለገዛ ልጆቻቸው መጠየቃቸው ነው።

ሌላው የተባይ መድኃኒት ነው። የተረጨበት ቤት ውስጥ ሠራተኛ ከተወሰነው ሰዓት በፊት መግባት የለበትም፤ የረጨው ሰው ልብስ ወደ ቤት ሄዶ ከሕፃናት ልብስ ጋር መታጠብ የለበትም፤ ባዶ ጀሪካኑም ለውሃ መቅጃ መዋል የለበትም። እዚህ ላይ ጥሩ ለውጥ መታየቱን መመስከር ተገቢ ነው። ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ረቂቅ ተባይ በመርጨት ፋንታ እሱን በሚበሉ ሌሎች ረቂቅ ነፍሳት መቆጣጠር በብዙ እርሻዎች ተለምዷል። ፍሳሻቸውን በሰው ሠራሽ ረግረግ አጣርተው የሚለቁም አሉ። የማኅበር መሪ ይህን የሚሠራውን አመስግኖ የማይሠራውን በስሙ ለወረዳው ማመልከት አለበት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲደረግ የኅብረተሰቡ አስተያየት እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ የግምገማውን ሰነድ ለማየት መጠየቅ መብት ነው።

አዲሱ የገበያ ሕግና የገበሬው አቅም

በዚህ ዘመን የተከሰተ አንድ ጉዳይ የገበሬውን የመደራደር አቅም ከፍ ያደርገዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የተባለችው የእሳት ራት ወደ አገሮቹ እንዳትገባ ሲል ከሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ገበያው በሚገባ ጽጌረዳ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር አድርጓል። አምራቹ ከተከላ እስከ ጭነት ተባዩን እንዴት እንደሚከላከል ማሳየት አለበት። ይህች የእሳት ራት ግን ጽጌረዳን ብቻ የምትወድ አይደለችም። ቃሪያ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ በቆሎና ጥጥም ላይ ትራባለች። ይህ ማለት በፕላስቲክ ቤቱ አጥር ማዶ ያለው የገበሬው የቃሪያ ማሳ የተባዩ ማረፊያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ እርሻው ብቻውን ንጹሕ ሆኖ ገበያ ሊጠብቅ አይችልም። ጎረቤቱ የወደቀ ቃሪያና የበሰበሰ ፍሬ ለቅሞ እንዲቀብር፣ ወጥመድ እንዲሰቀል፣ ተባዩ ሲታይ እንዲነገር ይፈልጋል። ገበሬው ይህን ማድረጉ ለራሱም ሰብል ጥቅም አለው። ነገር ግን ትብብሩ ዋጋ ያለው መሆኑን አውቆ፣ የወጥመዱና የሥልጠናው ወጪ በእርሻው እንዲሸፈን፣ በምላሹም በውሃና በሥራ ቅጥር ጉዳይ የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋም ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ባለሀብቱ ገበሬውን በዚህን ያህል የሚፈልግበት ጊዜ ከዚህ በፊት አልነበረም።

ገበሬው ራሱ አበባ ያምርት?

ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ጽጌረዳን በፕላስቲክ ቤት ማምረት ለአነስተኛ ገበሬ የሚቻል አይደለም። የብረቱ፣ የፕላስቲኩ፣ የማቀዝቀዣ ክፍሉና የችግኙ ወጪ ከአንድ ማኅበር አቅም በላይ ነው። ይሁንና በገላጣ ማሳ የሚበቅሉ የአበባ ዓይነቶች አሉ። በኬንያ ደጋ አነስተኛ ገበሬዎች ኦርኒቶጋለምና ኤሪንጂየም የመሳሰሉትን በትንሽ ማሳ አምርተው በውል ለላኪ ድርጅት ይሸጣሉ። በእኛም ደጋ ቢሞከር የሚሆን ነገር ነው።

ነገር ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአውሮፓ ገበያ ሲዘጋ ትልልቆቹ እርሻዎች ሳይቀሩ የቆረጡትን አበባ ጥለዋል። ጤፍ ገዢ ቢያጣ ጎተራ ይገባል፤ አበባ ገዢ ካጣ ለከብትም አይሆንም። በመሆኑም ገበሬው ከአንድ ጥማድ የማይበልጥ መሬት ብቻ ለሙከራ ቢያውል፣ እሱንም በማኅበር ተደራጅቶና በግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289/2015 መሠረት በጽሑፍ ውል ይዞ ቢሆን የተሻለ ነው። በውሉ ውስጥ ዋጋው፣ የመረከቢያው ቀን፣ ጥራቱን የሚመዝነው ማን እንደሆነና ገዢው ሳይረከብ ቢቀር የሚከፍለው ኪሣራ መጻፍ አለባቸው።

አበባ ከመትከል ሌላም መንገድ አለ። በአንድ እርሻ የሚሠራው ብዙ ሕዝብ በየቀኑ ይበላል። ሽንኩርቱን፣ ድንቹን፣ ወተቱንና እንቁላሉን በማኅበር አደራጅቶ ለሠራተኛው መመገቢያ ማቅረብ ካፒታል የማይጠይቅ ገበያ ነው። የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ያሳየን ነገር ቢኖር ብቻውን ለደላላ የሚሸጠው ገበሬ በኅብረት ሲሆን ዋጋ መጠየቅ የሚችል መሆኑን ነው።

ለተቃዋሚዎች መልስ

አንዳንድ ወገኖች አበባ የሚበላ ስላልሆነ መሬት ሊሰጠው አይገባም ይላሉ። አሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ቡናም ዶላር የሚያመጣው ተሽጦ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ክርክሩ አበባ ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፣ በማን መሬት፣ በምን ያህል ውሃና በማን ጥቅም ይኑር የሚለው ነው።

ሌሎች ደግሞ ብዙ ቅድመ ሁኔታ ከተደረደረ ባለሀብቱ ይሸሻል ይላሉ። በእኛ አመለካከት ባለሀብቱን የሚያሸሸው በግልጽ የተጻፈ ውል ሳይሆን ያልተነገረ ቂም ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር አካባቢ የአበባ እርሻዎች በተነሣው ሁከት ተቃጥለዋል። የሁከቱ መንስኤ ከአበባ የሰፋ ቢሆንም፣ የተቃጠለው የባለሀብቱ ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውም እንጀራ ነበር። የአካባቢው ሕዝብ የእኔ ነው የሚለው ድርጅት በክፉ ቀን ጠባቂ አያጣም። የእኔ ለማለት ግን ድርሻ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ በተገለጹት ምክንያቶች የተነሣ በየወረዳው ያሉ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፣ የአባላት ምርትና ገቢ በየዓመቱ በደብተር ይመዝገብ፤ በማኅበሩም ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ መሬት ለባለሀብት እንዲሰጥ ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት ስለ ውሃው መጠን፣ ስለ ካሳው ስሌት፣ ስለ ፍሳሹ መውረጃና ለአካባቢው ተወላጅ ስለሚሰጠው ሥራ የጽሑፍ መልስ ይጠየቅ፤ መልሱም የቃለ ጉባኤው አባሪ ይሁን። ሦስተኛ፣ የአንድ ወንዝ ወይም የአንድ ሐይቅ ተጠቃሚዎች፣ ገበሬውም፣ አበባ አምራቹም፣ ከተማውም፣ በአንድ የውሃ ኮሚቴ ይሰብሰቡ። አራተኛ፣ አምራቾቹ ማኅበር እንዳላቸው ሁሉ የአበባ እርሻ ያለባቸው ቀበሌዎች የጋራ መድረክ አቋቁመው በአኀዝ የተደገፈ ጥያቄያቸውን ለክልሉና ለግብርና ሚኒስቴር ያቅርቡ።

መንግሥትም በበኩሉ ስለ ዘርፉ መመሪያ ሲያወጣ የላኪዎችን ማኅበር እንደሚጠራ ሁሉ የገበሬውን ተወካይ በስም ጠርቶ ሊያስቀምጥ ይገባል። ተወካዩም ወንበር ለማሟላት የሚላክ ሳይሆን የቀበሌውን ደብተር ይዞ፣ ስሌቱን አውቆ የሚናገር ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት አበባ አምራቾቹ በሥራ አውለውት ጥቅሙን አይተውታል። አሁን ተራው የገበሬው ማኅበር ነው። ሥራውም ደብተሩን ከፍቶ ዘንድሮ የተወቃውን ምርት በመመዝገብ ይጀመር።